ምልክቱ አህያ ለነበረው እንደራሴ ባሌ

የኔ አያ ውበቱ፣

ሰው ባለበት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ ስልህ ኖርኩ። አሁን የሚሰማን የለምና አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ፤ ሙት ዓመትህንም አወጣን። ካህናቱ ጠግበው በአንድ ድምፅ መረቁህ። በሕይወት ሳለህ እንዲህ የተስማማልህ ጉባኤ አላጋጠመህም።

ቤታችን ያው ጎንደር አራዳ ነው። አቤቱታ ትጽፍበት የነበረውን የፊት ክፍል ለልብስ ሰፊ አከራየሁት። የላይ አርማጭሆ፣ የትክል ድንጋይ ገበሬዎች ግን ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ አሁንም ጎራ ይላሉ፤ ሞትህን እያወቁ ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ልጃችን የሺ እዚያው ትክል ድንጋይ አስተማሪ ሆናልሃለች። ቁጣዋ አንተን፣ ምላሷ እኔን ነው።

ለምርጫ የቀረብክ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ፊደል ያልቆጠረው መራጭ እንዲለያችሁ ምልክት ሲታደል፣ ለአንዱ አንበሳ፣ ለሌላው ፈረስ፣ ላንተ አህያ ደረሰህ። ጎረቤቶቼ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ። አስቀይረው ብዬ ብወተውትህ አልሰማኸኝም። ገበያ መሀል ቆመህ፣ ፈረስ የሚያውቀው የጌታውን ደጅ ነው፣ አህያ ግን ከመካከላችሁ እህሉን ያልተሸከመችለት ማን አለ? አልካቸው። ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ፤ አንተም ተመረጥክ።

አዲስ አበባ ስንገባ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው። ፓርቲ የሚባል አይኑር እንጂ እንደራሴው ሁሉ በሁለት ታላላቅ መኳንንት ወገን ተከፍሎ ነበር። ማለዳ ማለዳ የየጌታቸውን ደጅ ጠንተው ነው ወደ ምክር ቤት የሚገቡት። ያገኘህ ሁሉ የማን ሰው ነህ ይልሃል፤ አንተም የላይ አርማጭሆ ሰው ነኝ ትላለህ። ቀልድ እየመሰላቸው ይስቁ ነበር።

ከዚያ ያ ረቂቅ ሕግ መጣ፤ ሹም ለሥራ ሲዞር እሱንም አጃቢውንም ገበሬው እንዲቀልብ የሚያዝ። በሌላው ሁሉ የሚጣሉት ሁለቱ ወገኖች እዚህ ላይ ተስማሙ። ያንደኛው ጌታ መልእክተኛ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ዝም ካልክ ወንበርህ ያንተ ነው፣ ከተናገርክ ግን በሚመጣው ምርጫ አትመለስም አለህ። አንተ ግን ምክር ቤት ውስጥ ብቻህን ለተቃውሞ እጅህን አወጣህ። አይጥ እንኳ የዘር እህል ስትበላ ትደበቃለች፣ እኛ በሕግ ልንበላው ነው ብለህ ተናገርክ። ረቂቁ አለፈ፤ እንደዛቱብህም ወንበርህን አጣህ። ጎንደር ተመልሰን የገበሬ አቤቱታ ስትጽፍ አንድ ቀን ስትጸጸት አላየሁህም። ኮራሁብህ፤ ዛሬም እኮራብሃለሁ።

አሁን ልነግርህ ወደፈለግሁት ልምጣ። ሰሞኑን ወንበርህን የወሰደው ሰውዬ ቤታችን መጣ። ደጁን ልዘጋበት ነበር፤ ግን የቄስ ልጅ ነኝና አስገባሁት። ያ ሕግ ገበሬውን አራቁቶታል፣ ይሻር የሚል ሐሳብ ምክር ቤት ሊቀርብ ነው፣ ጌታዬ ግን ተቃወም ብሎኛል አለኝ። አቀርቅሮ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ አያ ውበቱ ያን ቀን አልፈሩም ነበር?

እውነቱን ነገርኩት። ያን ጠዋት የኮትህን ቁልፍ ልትቆልፍ ጣቶችህ እየተንቀጠቀጡ እምቢ ሲሉህ የቆለፍኩልህ እኔ ነኝ። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። «እሳቸውም ፈርተው ነበር? እንግዲያስ እኔም እችላለሁ» ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ምን እንዳደረገ ገና አልሰማሁም። ሰዉ አንተን «ፍርሃት የማያውቅ» እያለ ያነሣሃል፤ ይበል። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ የማስታውሰው፣ ለየሺም ለልጆቿም የምነግራቸው፣ እነዚያን የሚንቀጠቀጡ ጣቶችህን ነው። እጅህን ያወጣኸው በእነሱ ነውና።

ያንተዋ አትጠገብ