ሳላውቅ አውቃለሁ ያልሁበት መንገድ

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለአያ ቢያዝን፤ አሥመራ።

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎ ወይ? ሐረገወይንስ እንደምን ናት? ልጆቹስ ጤና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሥጋዬ ደኅና ነኝ። በልቤ ግን ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም።

እህታችን ብርነሽ ጎንደር ሆስፒታል ተኝታለች። ደባርቅ ከቤቷ ሳለች ምጥ ሁለት ቀን ጠናባት። እኔም ጭነት አድርሼ ልመለስ ስል ደረስሁና፣ በማለዳ ከባሏ ከየሻው ጋር በምነዳት የጭነት ማኪና ይዣት ተነሣሁ። ለምሳ ሰዓት ጎንደር እንገባለን ብዬ ነበር።

ይህች ማኪና ከመስከረም ጀምሮ ሰዓት ያህል ከሄደች በኋላ ቀጥ ትላለች። መጀመሪያ ስትቆም ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ለወጥሁ፤ ተነሣች። ሁለተኛ ስትቆም ካርቡራተሩን አጠብሁ፤ ተነሣች። ሦስተኛ የባትሪውን ሽቦ አጠበቅሁ፤ አሁንም ተነሣች። እኔም በያንዳንዱ ጊዜ የዳነች እየመሰለኝ፣ ሸጋ መካኒክ ነኝ እያልሁ ኮራሁ።

ያን ቀን ዳባት ሳንደርስ ቆመች። ካንዴላ ፈታሁ። አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ደግማ ቆመች፤ ካርቡራተር ፈታሁ። ብርነሽ ከማኪናዋ ጀርባ ተኝታ ትጮኻለች። የሻው ወርዶ አጠገቤ ቆመና፣ «አዘዘ፣ የማኪናዋን ሕመም አውቀኸዋል ወይስ እየሞከርህ ነው?» አለኝ። «አውቄዋለሁ» አልሁት። ሳላውቅ። እንዲህ ስትቆም ስትነሣ ውላ፣ ጎንደር የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ልጁ ሞቶ ወጣ። ሐኪሙ፣ «በቀትር ደርሳችሁ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር» አለን።

በሦስተኛው ቀን ማኪናዋን ጋራዥ አቁሜ ምንም ሳልለውጥ ሞተሩን አስነሥቼ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ሲጠፋ አንዱን ካንዴላ አውጥቼ አየሁ፤ እሳት ይሰጣል። እንግዲህ ነገሩ ከኤሌትሪኩ አይደለም አልሁ። ቤንዚን የሚያመጣውን ቧንቧ ከካርቡራተሩ ፈታሁ፤ አንድ ጠብታ የለም። ቧንቧውን ወደ ኋላ እየተከተልሁ ታንኩ ዘንድ ደረስሁ። ክዳኑን ብከፍተው ውስጡ አየር ሳበና ቤንዚኑ ይወርድ ጀመር። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ የመርፌ ቀዳዳ አለ፤ ጭቃ ደፍኖታል። ቤንዚኑ ሲጎድል አየር ስለማይገባ ይቆማል፤ ማኪናዋ ስታርፍ አየሩ በዝግታ ይሰርጋል። እኔ ስፈታ ስገጥም ማኪናዋ ማረፏ ነበር እንጂ እጄ አንድም ቀን አላዳናትም። በመርፌ ወጋሁት። ከዚያ ወዲህ አልቆመችም።

ለየሻው ሁሉን ነገርሁት። እሱም፣ «ለእሷ እንዳትነግራት፤ ከእግዜር የመጣ ነው ብላ ተኝታለች» አለኝ። ምነው ቢመታኝ ኖሮ! ለአንድ ሰው መናገር ስለነበረብኝ ለእርስዎ ጻፍሁ።

ብርነሽን ከወሊዱ ወዲህ ትኩሳት ከያዛት ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። መርፌ ይወጓታል፤ አይበርድም። ሐኪሙ ዘመድ ካላት ይጠራ ብሎናል። ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎ አይዘግዩ፤ ግን በጊዜ ይደርሳሉ ብዬ ተስፋ አላደርግም።

ለሐረገወይን፣ ለልጆቹ ለዋኘውና ለአስናቀች ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እናታችን ከብርነሽ አልጋ ሥር ቁጭ ብላ ትጸልያለች፤ ትስምዎታለች። የሻው እጅ ይነሣል። ብርነሽም ሰላም በልልኝ ብላኛለች። ድምፅ የላትም፤ ስምዎን ያነበብሁት ከከንፈሯ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ አዘዘ

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.