የእማዬ ጥብቅ ካልሲ

ውድ ወንድሜ ፈይሰል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሌላውን ሰላምታ አሳጥሬዋለሁ። ስልኬን ስታይ ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ ወደ ኮምቦልቻ ለሚመጣው ሹፌር ለሱፍዋን ሰጥቼዋለሁ። እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

የእማዬ እግር ቆስሏል። ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል። ጠዋት ጠዋት የማጥብላት እኔ ነኝ፤ አንተ ሽታውን አታውቀውም።

እግሯ በምን እንደተጎዳ ግን ታውቃለህ። ሠላሳ ዓመት ጀውሃ ከተማ መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሹፌሮች ስትቀቅልና ስትጠብስ ቆማ ኖረች። አንተን ያስተማረህ ያ እግር ነው። ሐኪሙ መርምሮ፣ ደሙ ወደ ላይ መመለስ እያቃተው እግሯ ላይ ይጠራቀማል አለና ያንን ጥብቅ ካልሲ አዘዘላት። ማለዳ ከአልጋ ሳትወርድ፣ ሳያብጥ በፊት አጠልቅላት ነበር። ጨመቅ አድርጎ ሲይዛት ደሙ ሽቅብ ይሄድላታል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሳታማርር ሦስት ወር ለበሰችው። እብጠቱ ጎደለ፣ ገበያ በእግሯ ደርሳ መመለስ ጀመረች።

ከዚያ አንተ ለዒድ መጣህ። ሁለት ቀን አድረህ፣ "እግር ሳይታጠብ ምን ውዱእ አለ? አውልቂው እንጂ፣ እማ" ብለሃት ሄድክ። እሷም ለአምስቱም ሰላት እግሯን ለመታጠብ ታወልቀው ጀመር። መልሶ ማጥለቁ ለእኔም ትግል ነው፤ እኔ ደግሞ ቀን ሥራ ላይ ነኝ። በሳምንቱ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። እግሯ እንደገና አብጦ ቆሰለ።

ሼህ አብዱልሃዲን እቤታችን ድረስ አመጣኋቸው። "ለሕክምና የታሰረ ነው፤ በላዩ በእርጥብ እጅሽ ማበስ ይበቃሻል፤ ዲናችን አያስጨንቅም" አሏት። እሺ አለች። ሲወጡ ግን፣ "ፈይሰል እንዲህ አላለኝም" አለችኝ። ቁስሏን የማጥበው እኔ፣ የምትሰማው አንተን። ያንገበግበኛል፣ አልደብቅህም።

ሐኪሙ አሁንም አልረፈደም ብሏል፤ ቁስሉ ተሸፍኖ ካልሲው ከላይ ይጠለቃል። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውልላት። ተሳስቻለሁ ማለት ከከበደህ አትበል። "እኔው ራሴ ሼህ ጠይቄ ነው፤ በላዩ ማበስ ይበቃል" በላት፤ የኔን ስም አታንሳ። ብቻ ከአንተ አፍ ሰምታ ትልበሰው። ምስጋናውን አንተ ውሰድ፤ ዱዓዋን እንደሆነ ድሮም የምታደርገው ላንተ ነው።

እህትህ ሩቂያ
ሸዋ ሮቢት