ለንቦችህ የበተንሁት ጭድ

ለልጄ ለጀብሪል፤ አሰላሙ አለይኩም፤ ሰላምታዬ ካለህበት በአፊያ ያግኝህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ሀያት ናት።

መካነ ሰላም ዝናቡ አላባራ ብሎ አበባ የሚባል የለም። ንቦችህ ርቧቸው ቀፎውን ጥለው እንዳይሄዱ ስኳር በውኃ እየበጠበጥሁ ጓሮ አስቀምጥላቸዋለሁ። መጀመሪያ በጎድጓዳ ሳህን እንዲሁ ባስቀምጥላቸው፣ ጧት ስወጣ ብዙዎቹ ሰጥመው አገኘኋቸው። አንድ በአንድ አውጥቼ መዳፌ ላይ እፍ እፍ አልኳቸው። የነቁም አሉ። ሀያት «እማ፣ ለንብም ይለቀሳል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። አሁን ጭድ እበትንበታለሁ፤ ጭዱ ላይ ቆመው ይጠጣሉ።

ከጅቡቲ «ባሕሩ እስኪረጋ እየጠበቅን ነው» ብለህ የላክኸውን መልእክት ሀያት አንብባልኛለች። የምትሻገሩበት ጀልባ ስንት ሰው ነው የሚይዝ? ትንሽ እያለህ ወደ ከላላ ገበያ ስንሄድ ወንዝ የሞላ እንደሆነ አዝዬ ነበር የማሻግርህ፤ አንገቴን አንቀህ ዓይንህን ትጨፍን ነበር። ብቻ አትቸኩል። መመለስም ካሰኘህ ንቦችህ አሉ፤ ስኳርም አላጣሁም።

ሀያት እጅ ትነሣለች። አንተንም አላህ የምትቆምበት ጭድ አያሳጣህ።

እናትህ ኡሙልኸይር