ባሕር ዛፏ ሙሽራ

ለውድ እህቴ ለእታለም ብዙዓየሁ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ደኅና ናቸው? ናፍቆትሽ እንደ ክረምት ጭቃ እግሬን ይዞ አልለቀኝም እንጂ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ደስ ይበልሽ፤ ልጄ ኦዲያ ታጨች። በስንት መከራ መሰለሽ!

የልጁ የናኦር ወገኖች ከራማት ፖሌግ ሰፈር በመኪና መጥተው ዶራ ያለችው ቤታችን ጢም አለች። አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ እናቱ ሻሺ በዚያ ተረከዘ ረጅም ጫማዋ አራት ፎቅ ወጣችው። ሰባት ቤት ዘር ተቆጥሮ ዝምድና የለም ተባለ። አጎታችን ያኮቭ ሊመርቅ ሲነሣ ልጁ «ሳባ፣ አንዴ» ብሎ፣ አያቴ ማለቱ ነው፣ ለኦዲያ በዕብራይስጥ የጻፈውን ግጥም ወደ አማርኛ መልሶ አነበበ፦

አንቺ ባሕር ዛፌ፣ ውኃውን ጠጣሽው፤
ሰው የማያድርበት ልቤን ቤት አረግሽው።

ያኮቭ ቁጭ አለ። ጎረቤታችን ምንጫችን ሥር የተከለው ባሕር ዛፍ ያደረገንን መቼም አትረሺውም፤ ምንጩ ደርቆ ሣር እንኳ አልበቅል አለ። «ልጃችንን ምንጭ አድራቂ አላት፤ መካን ትሁን ማለቱ ነው፤ አልመርቅም» አለ። እሱ ያልመረቀው ጋብቻ ደግሞ በእኛ ቤት ጋብቻ አይደለም። ሻሺ ቦርሳዋን አነሣች፤ ኦዲያ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

እኔን ምላሴ መች ያስቀምጠኛል፤ ልጁን በዕብራይስጥ ምን ማለትህ ነው አልኩት። እዚህ እስራኤል ተወልዶ ያደገ ልጅ የእኛን ምንጭ ከየት ያውቀዋል? በትምህርት ቤት የተማረውን ነገረኝ። እኔም ለያኮቭ ፈታሁለት፤ ይህ አገር ድሮ ረግረግ ነበር፣ ወባው ሰው ይፈጅ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ውኃውን መጠጠና ሰው ሰፈረበት ይላሉ፤ ልጁም ልቤ ረግረግ ነበር፣ አንቺ አድርቀሽ ቤት ሠራሽበት እያላት ነው አልኩት።

ወባ ስል ፊቱ ተለወጠ። የመጀመሪያ ልጁን ወደዚህ ሲመጣ በሱዳኑ መንገድ በወባ እንደቀበራት ታውቂያለሽ። «ያ ዛፍ እዚያም በነበረ» አለ። ከዚያ ተነሥቶ የናኦርን ግንባር ሳመና ግጥሙን እንደገና በልልኝ አለው። ሁለተኛ ሲነበብ ሴቱ ሁሉ እልል አለ፤ ያኮቭም እጁን ዘርግቶ መረቀ። ሻሺ ጫማዋን አውልቃ እስክስታ ወረደች እኮ!

ሠርጉ ከሻቩዖት፣ ከስንዴ መከሩ በዓል፣ በኋላ ነው። ያኮቭ አሁን ኦዲያን «ባሕር ዛፌ» ብሎ ካልሆነ አይጠራትም።

ለባለቤትሽ ለጋሼ ብሩ፣ ለልጅሽ ለፀደኒያ፣ ለትንሿም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለዚያ ለጎረቤታችንም ሰላም በይልኝ፤ በምንጩ ገና ነን፣ ከዛፉ ጋር ግን ታርቀናል በይው።

እህትሽ አገኘሽ
ኔታንያ፣ ዶራ
የካቲት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.