የምጣዱ ሶኬት

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ዛሬም ሽሮ። ዛሬም አርሯል። ድስቱን ውሃ ሞልቼ ትቼዋለሁ፤ የነገ ለነገ።

ከመ/ቤት ልወጣ ስል ከመናኸሪያ ተደወለ። ከሐዋሳ ዕቃ መጥቶልሃል አሉ። በባጃጅ ጭኜ አመጣሁት፤ ዝናቡ ካርቶኑን አርሶታል። ማይክሮዌቭ ነው። የላከችው ልጄ ሕይወት ናት። ደወልኩላት። አባዬ የቀዘቀዘ መብላት በቃህ፣ ከእንግዲህ ማሞቅ ብቻ ነው አለች። መረቅኳት። ስልኩን ዘጋሁና ካርቶኑን ቆሜ አየሁት።

አንተ ደብተር፣ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ሕይወት ስትወልድ እናቷ የሺ ልታርሳት ሐዋሳ ሄደች። ሁለት ወር ነበር ያለችኝ። ይኸው ዘጠነኛ ወሯ። እኔ ሚስቴን ስጠብቅ ማይክሮዌቭ መጣልኝ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡40

ካርቶኑ አሁንም ሳሎን መሐል ነው። ሁለቴ እግሬን መትቶኛል።

ማ/ዌቭ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ስሙ ረዘመብኝ። ስፋቱ ሁለት ስንዝር፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር ከምናምን። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። የማንንም ፋይል ዓይኔን ጨፍኜ አወጣለሁ። ለአንድ ሳጥን ግን ቦታ አጣሁ።

ፍሪጁ ላይ ሞከርኩ። ፍሪጁ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ማ/ዌቭ አብሮት ይጨፍራል። መስኮቱ ሥር ዝናብ ያስገባል። የቀረው መደርደሪያው ነው። እዚያ የየሺ ጣሳዎች አሉ፤ በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ አብሹ። አንዱን አነሳሁት። ሥሩ ክብ ምልክት ሠርቷል። መልሼ እዚያው ምልክቱ ላይ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ረፈደብኝ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡00

ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን። በኤክስቴንሽን። ለጊዜው ነው ብያለሁ።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለች ቆጮ ልካልኝ ነበር። በመጣበት የብረት ሳህን ከተትኩት። እንደ ብየዳ ተንጣጣ! እንዴት እንደነቀልኩት አላውቅም። ሁለተኛ ጊዜ በብርጭቆ ሳህን። ቆጮው ሞቀ፤ ደግሞም የጫማ ሶል ሆነ። እያኘክሁ ብቻዬን ሳቅሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። ብቻውን የሳቀስ?

አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትሳቅብኝ። ሲጨርስ ይጮኻል። ሦስት ጊዜ፣ ቲ፣ ቲ፣ ቲ። እኔ መኝታ ቤት ሸሚዝ እየቀየርኩ ነበር። "አቤት! መጣሁ!" አልኩ። ጮክ ብዬ። ከዚያ ሸሚዙን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚህ ቤት ውስጥ ከተጠራሁ ስንት ጊዜዬ ነው!

የኤክስቴንሽኑ ሶኬት ቀልጧል። ቤቱ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል።

ሰኔ 8፣ እሑድ፣ ከሰዓት 10፡00

ኤሌክትሪሽያን አስጠራሁ። የሳሎኑን ገመድ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቀጭን ነው፣ ቤቱን ያቃጥልብሃል አለ። ይህን የሚችል ወፍራም ገመድ በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ የምጣዱ። ማድ ቤት፣ ጥግ ላይ። ምጣዱን አንሣና እዚያ አስቀምጠው፣ ልክክ ይላል አለኝ። ላስብበት አልኩት። ምን የሚታሰብ አለው ጋሼ ብሎ ሳቀ።

የሺ ናት ያን መስመር ያስዘረጋችው። ባለሙያው ሲቸኩል አጠገቡ ቆማ፣ ለምጣዴ ነው፣ በደንብ አጥብቅልኝ ስትለው ትዝ ይለኛል። ከሄደች ወዲህ አልተሰካም። እንጀራ ከሱቅ ነው። አከንባሎው ላይ አቧራ ተኝቶበታል።

ደወልኩላት። የኤሌክትሪሽያኑን ነገር እንደ ቀልድ አነሳሁላት። በልቤ ያሰብኩት፣ እንዴ! ምጣዴን እንዳትነካ! ትለኛለች ብዬ ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እሽሩሩ ትለዋለች። በመሐል "ታዲያ ንቀለዋ" አለችኝ።

ንቀለዋ። በቃ። እንዲህ በቀላሉ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ዛሬ ያደረግሁት ያሳፍራል።

ከሥራ ስገባ እትዬ አስካለች በር ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ከዝናቡ ተከናንባለች፤ በእጇ ትልቅ ላስቲክ። ምጣዱን ልትወስድ ነው የመጣችው። የሺ ደውላላት፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ጋግሪበት ብላታለች።

ለእኔ ሳትነግረኝ። ለጎረቤት!

ጮህኩባት። ይህ ምጣድ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም፣ ማን ሰጪ ማን ነሺ አደረጋት አልኩ። ሴትዮዋ ምን በደለች? ስታበላኝ የከረመች ሰው። ወደ ኋላ አለች። ላስቲኩን አጠፈችው፤ ቀስ ብላ፣ በአራት። ከደጃፉ ላይ ዞር ብላ "ጋሽ አሥራት፣ ሰው አይደለምኮ፣ ምጣድ ነው" አለችኝ። ሄደች።

ማድ ቤት ገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ገባኝ። ሊመለስ ያሰበ ሰው ምጣዱን አይሰጥም። ፈራሁ፣ ደብተር። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ፈራሁ። የሺ አትመጣም።

እራት አልበላሁም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ፣ ማታ 1፡00

ስኳርና ሙዝ ይዤ እትዬ አስካለች ቤት ሄድኩ። ይቅርታ። ገና ሳልጨርስ ተቀመጡ አለች። ለልጇ በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኛ፣ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ልጇ ሳቋን ዋጠች። ስለ እኔ ነው መቼስ። ይሁን፣ ይገባኛል።

ምሬቴን ዘረገፍኩላት። ዘጠኝ ወር! ይሄ ማረስ ነው? ይሄ ጥሎ መሄድ ነው አልኳት። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"የልጅ ልጅዎን አይተዋል?"

አላየሁም። ዝናብ ነው፣ መንገዱ፣ ኦዲት ነበር፣ ፈቃድ...

"እኔ ብሆን እኔም አልመጣ። ማን ጠራት? አራስ ልታይ የሄደች ሴት ባሏ ሄዶ ነው የሚያመጣት። ሕፃኑን ስሞ፣ እሷን ይዞ ይመጣል። በስልክ ነው የሚመጣው ሰው?"

የእኔም አገር፣ የወሎም ወግ ያው ነው። አባቴ እናቴን ከአክስቴ ዘንድ በበቅሎ ሄዶ ነው ያመጣት። ይህን የማውቅ ሰው ነኝ፤ እዚህ ቁጭ ብዬ ስልክ የምጠብቅ!

አሁን ስልኩን ሁሉ እያስታወስኩ ነው። እንዴት ነህ? ደህና ነኝ። ምን በላህ? ጠግቤያለሁ። ብቻህን አልከበደህም? ምን ይከብደኛል፣ አትቸኩሉ፣ ሕፃኑን ያዙ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ይኸው ነው። ጀግና መሆኔ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሚስትም አትገባም።

ሰኔ 15፣ እሑድ፣ ከሰዓት 9፡20

ደወልኩ። ምጣዱን አልሰጠሁም አልኳት። ለምን አለች። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ስንት ጽፌያለሁ፤ ጉዳዩ፡- እንዲህ ስለመጠየቅ። አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

በመጨረሻ ወጣልኝ። "የሺ፣ ቤቱ ያለ አንቺ አልሆነኝም።"

የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አልተቋረጠም። እያለቀሰች ነው። በየቀኑ ደህና ነኝ ስትለኝ ያለ እኔም ቤቱ የሞላልህ መሰለኝ አለችኝ። ሕይወት ማ/ዌቩን ልትገዛ ስትል፣ ይሄው፣ አሁንማ ጨርሶ አላስፈልገውም ብላ አስባለች። ምጣዱንም በንዴት ነው የሰጠችው። እኔ ማ/ዌቩ የእሷ የአልመጣም መልስ መስሎኝ፣ እሷ ደግሞ እኔ የጠየቅሁት መስሏት።

እመጣለሁ አላለችም። ሕይወት በሐምሌ ሥራ ትገባለች፤ ሞግዚት እየፈለጉ ነው፤ ሕፃኑ ከእጇ አይወርድም። "መጀመሪያ ና። ከዚያ እንነጋገራለን" አለች። ድምፅዋ ቁርጥ ያለ አልነበረም። እየደጋገምኩ ሰማሁት፣ በሐሳቤ። ወደ የትኛው በኩል እንዳዘነበለ አላወቅሁም።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ፣ ቀን 6፡15

ፈቃድ ጠየቅሁ። አሥራ አምስት ቀን። ኃላፊዬ ቅጹን ሁለቴ አነበበው። ጋሽ አሥራት፣ አንተም ዘመድ አለህ እንዴ? ቀልዱ ነው። አልሳቅሁም።

ማር ከሚገኝባት ከሺሺንዳ ለሚመላለስ አንድ የመ/ቤት ባልደረባ ሦስት ኪሎ ማር እንዲያመጣልኝ ነገርኩት። ለሕፃኑ ምን ይዞ ይኬዳል? ማንን ልጠይቅ? እንዲህ ያለውን የምታውቀው የሺ ነበረች።

ሰኔ 20፣ ዓርብ፣ ንጋት 11፡00

ቦርሳው ተዘጋጅቷል። ማሩ በሁለት ፌስታል። እትዬ አስካለች ሹራብ ሰጥታኛለች፣ ለሕፃኑ፣ ራሷ የሠራችው። ቁልፉን እሷ ትይዛለች። መኪናው እስከ ሶዶ ነው፤ ከዚያ ወደ ሐዋሳ ሌላ።

ማ/ዌቩን ካርቶኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። ከመጣች ቦታውን እሷ ትምረጥለት። ካልመጣች ምጣዱን በእጄ ነቅዬ ለእትዬ አስካለች እሰጣለሁ፣ ይሄንንም እዚያው እሰካዋለሁ፣ ሞቅ ያለ እበላለሁ። እንዲህ ብዬ ቆርጫለሁ።

ባጃጁ መጣ። አንተ እዚሁ ቅር፣ ደብተር። አልወስድህም። እዚያ የምነግረው ሰው አለኝ።