ያልተከመረው ጤፍ

ኅዳር 12፣ መካነ ሰላም

የዓመት ቀለባችን የሆነው ጤፍ ታጭዶ እርሻው ላይ እንደተኛ ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። ዛሬ ግን የኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ነዶ አይነካም። ከንግሥ ስመለስ ሙስሊሙ ጎረቤቴ ሰይድ ከልጆቹ ጋር እደጄ ጠበቀኝ።

«በዓሉ ያንተ እንጂ የኔ አይደል። እኔ ልከምርልህ።»

«ሰይዶ፣ በሰው እጅ ማሠራትም ያው መሥራት ነው» አልኩት።

«ወላሂ፣ እንግዲያው ለዝናቡም በዓል ነው በለው!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ጤፍ ከራሰ ደግሞ ይበቅላል። ባለቤቴ ዝናቡን እያየች፣ «አንተ ጽደቅ፤ ልጆቹ ምን ይብሉ?» አለችኝ። ደክሞኛል። ነገ ጎህ ሲቀድ የረጠበውን እንገለብጣለን። ማታ በሩን ልዘጋ ስወጣ፣ ሰይድ መንሹን አምጥቶ ግድግዳችን ላይ አስደግፎታል።