ከሠርግሽ የቀረሁበት ምክንያት

ጊማራስ ደሴት፣ ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን

የማሕፀኔ ፍሬ ማሪሴል፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስልኬን ባታነሺም የእናትሽን ደብዳቤ ቀደሽ እንደማትጥዪ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽን ብቻ አልቻልኩትም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከሠርግሽ የቀረሁት ጉልበቴን አሞኝ አልነበረም። ባልሽን ጠልቼም አይደለም። ሽንቴን መቋጠር አቅቶኝ ነው። ወንድምሽን ከወለድኩ ጀምሮ ሳስል፣ የዓሣ ቅርጫት ሳነሳ ያመልጠኛል። አንቺ እስካለሽበት እስከ ፓላዋን ድረስ ከአንድ ቀን በላይ መርከብ ላይ፣ ሰው መሀል፣ እንዴት አድርጌ? ደርሼስ ነጭ ቀሚስሽ አጠገብ ረጥቤ ልቁም? አፍሬ ዋሸሁሽ።

ጥር ላይ ጎረቤታችን ኮንሶላሲዮን ነቃችብኝ። «አንቺ ብቻ መሰለሽ? እኔስ!» ብላ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ሁለት መንገድ አለ አለችን። ቀዶ ሕክምናው ቶሎ ይገላግላል፣ ግን የራሱ ስጋት አለው። ፊዚዮቴራፒው ደግሞ ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው፤ ወራት ይፈጃል፣ ጨርሶም ላያድን ይችላል። «ምርጫው የእናንተ ነው» አለች።

ኮንሶላሲዮን «እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ ቀደው ይገላግሉኝ!» አለች። ይኸው ድና በየድግሱ ትጨፍራለች።

እኔ ፊዚዮቴራፒውን መረጥኩ። ቢላ እፈራለሁ አልኳቸው። እውነቱ ግን፣ ነርሷ «ከቀዶው በኋላ አልጋዎ አጠገብ ማን ይሆናል?» ስትለኝ «ልጅ አለችኝ» አልኩና ስምሽን ሳልጠራ እንባዬ ቀደመኝ።

እንቅስቃሴውን የምታሠራኝ ባለሙያ ልጅ እግር ናት። መጀመሪያ ቀን «እማማ፣ ፊትዎን አይደለም፣ ታችዎን ነው የሚያኮማትሩት!» ብላ ሳቀችብኝ። አሁን ዓሣ ሳጸዳም፣ ቅዳሴ ላይም አኮማትሬ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ሰው ጸሎት ይመስለዋል። አራት ወር ሆነኝ። ጉንፋን ሲይዘኝ አሁንም ጠብ ማለቱ አልቀረም፤ ቅርጫቱን ሳነሳ ግን ደረቅ ነኝ።

በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ መርከብ እሳፈራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወደባችሁ ላይ ነኝ። ስሟን ከጎረቤት አፍ የሰማሁትን የልጅ ልጄን አንዴ አቅፌ፣ ካልፈለግሽኝ በዚያው መርከብ እመለሳለሁ። ከፈለግሽኝ ግን እንደ ልጅነትሽ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን እስኪያመን እንሳቅ። አሁን ስስቅ እግሬን አልቆላልፍም።

እመቤታችን አንቺንም ሕፃኗንም በጥላዋ ታኑርልኝ፤ ባልሽንም ትባርክልኝ።

እናትሽ ፌሊሲዳድ